ከቁራኛ እስከ ደረቅ ቼክ፦ የባለዕዳ ወጣት መውጫ በሩ የት ነው?

ሰሞኑን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ቢሮዬ ድረስ መጣ። ዕድሜው 26 ነው። ተመርቆ ሥራ ቢያጣ መርካቶ ገብቶ በአክስቱ ሱቅ፣ በአክስቱ የንግድ ፈቃድ፣ ነገር ግን በራሱ ቼክ ዕቃ እያነሣ ይነግድ ነበር። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት ሸማ ተራ ላይ የተነሣው እሳት ዕቃውን በላው፤ ዕዳውን ግን አልነካውም። ከዚያ ወዲህ አንዱን አበዳሪ ለመክፈል ከሌላው ሲበደር፣ የሌላውን ለመክፈል ደግሞ ከሦስተኛው ሲበደር ከርሟል። ወንበር ስቤለት ከተቀመጠ በኋላ ለብዙ ጊዜ ዝም አለና፣ «ዶክተር፣ መክሰሬን በፍርድ ቤት አሳውጄ እንደገና ከዜሮ መጀመር እችላለሁ ወይ?» ሲል ጠየቀኝ።

እኔ የታሪክ መምህር እንጂ ጠበቃ አይደለሁም። ጥያቄው ግን እንግዳ አልሆነብኝም። የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ በእርሱ ዕድሜ፣ በዚያው በመርካቶ፣ ራሴ የጠየቅሁት ጥያቄ ነው። ለዚያ ልጅ ወዲያውኑ የሚሆን ቀጥተኛ መልስ አልነበረኝም። የነበረኝ ታሪክ ነው። ውድ አንባቢያን፣ እስኪ ከእናንተም ጋር እንመልከተው።

የሰንሰለቱ ዘመን

ዛሬ «የአልጋ ቁራኛ» ስንል ከሕመሙ ሊላቀቅ ያልቻለን ሰው፣ «የዕዳ ቁራኛ» ስንል ደግሞ ከዕዳው ሊላቀቅ ያልቻለን ሰው ማለታችን ነው። ቃሉ በአንድ ወቅት እውነተኛ የብረት ሰንሰለት እንደነበረ ግን ብዙዎቻችን እንዘነጋዋለን። በቀድሞው የፍትሕ ሥርዓታችን ከሳሽና ተከሳሽ፣ ባለገንዘብና ባለዕዳ፣ ጉዳያቸው እስኪቋጭ ድረስ እጅ ለእጅ በሰንሰለት ይቆራኙ ነበር። ሰንሰለት በሌለበት ቦታ የነጠላቸው ጫፍ እርስ በርስ ይቋጠር ነበር። አብረው ይሄዳሉ፤ አብረው ይበላሉ፤ አብረው ያድራሉ። ባለዕዳው ከሰንሰለቱ የሚፈታው ወይ ሲከፍል፣ ወይ የታመነ ዋስ ሲጠራ፣ ወይም ባለገንዘቡ ሲምረው ነው።

ይህ ሥርዓት በልጅ ኢያሱ የአጭር ጊዜ አገዛዝ እንዲቀር ተደረገ። ይሁንና ልማድ በአንድ ቀን ትእዛዝ አይጠፋምና፣ ከዚያም በኋላ ወደ አዲስ አበባ የመጡ የውጭ አገር ሰዎች የተቆራኙ ባለዕዳና ባለገንዘብ መንገድ ላይ አይተው ፎቶግራፍ አንሥተዋል። እነዚያን ሥዕሎች የሚያይ ሁሉ መጀመሪያ የሚሰማው ማፈር ነው። እኔም ተማሪ ሳለሁ አፍሬያለሁ። ዕድሜዬ ሲገፋ ግን ሌላ ነገር ማየት ጀመርሁ። ሰንሰለቱ ሁለት ጫፍ ነበረው። ባለገንዘቡ ባለዕዳውን ሲያስር ራሱንም ያስር ነበር። እርሱም እንደ ልቡ ወደ እርሻው ወይም ወደ ገበያው መሄድ አይችልም፤ የባለዕዳውን ረኀብ በዐይኑ ያያል፤ ሌሊት ሲገላበጥ ይሰማዋል። ስለዚህ ነገሩን ለመቋጨት ሁለቱም ይቸኩሉ ነበር። ሰንሰለቱን መልሱልን ማለቴ አይደለም፤ ጭካኔ ነበር፣ መቅረቱም ትክክል ነበር። ነገር ግን ያ ጭካኔ እንኳ የሚያበቃበት ቀን ነበረው።

መርካቶና ዱቤ

አሁን ወደ ገበያው እንምጣ። የአዲስ አበባ ትልቁ ገበያ መጀመሪያ የነበረው አራዳ፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር። በዚያ ዘመን ገበያውን የሚያስተዳድረው፣ ቀረጡን የሚሰበስበውና የነጋዴዎችን ክርክር የሚዳኘው ነጋድራሱ ነበር። በ1928 ዓ.ም. ከተማዋን የያዘው የፋሽስት ጣሊያን አስተዳደር ነጩንና ጥቁሩን ለመለየት ባወጣው ዕቅድ የአገሬውን ገበያ ወደ ምዕራብ ገፋው። መርካቶ የሚለው ስም ራሱ ጣሊያንኛ ነው፤ ገበያ ማለት ነው። ወራሪው ከአምስት ዓመት በኋላ ሲወጣ ገበያው ቀረ፤ የአዲስ ከተማ ሰው የራሱ አደረገው።

ቋንቋችን የዚህን ገበያ ታሪክ ይዟል። «ኪሳራ» የምንለው ቃል ከዐረብኛ የመጣ ነው። አውሮፓውያን ለመክሰር የሚሉት ቃል ደግሞ መነሻው ጣሊያንኛ ሲሆን፣ «የተሰበረ አግዳሚ» ከሚል አነጋገር እንደመጣ ይተረካል። ዕዳውን መክፈል ያቃተው የገበያ ገንዘብ ለዋጭ የሚቀመጥበት አግዳሚ በሕዝብ ፊት ይሰበር ነበር ይባላል። በመርካቶ አግዳሚ አይሰበርም። በመርካቶ የሚሰበረው ስም ነው።

መርካቶ የቆመው በዱቤ ላይ ነውና። አስመጪው ለጅምላ ነጋዴው፣ ጅምላ ነጋዴው ለቸርቻሪው፣ ቸርቻሪው ሱቅ በደረቴ ለሚዞረው ልጅ ዕቃውን በእምነት ያወጣል። ከዱቤው ጎን እቁብ አለ። እቁብ ቁጠባ ብቻ አይደለም። ዕጣው ቀድሞ የወጣለት ሰው በተግባር ከባልደረቦቹ ያለ ወለድ ተበድሯል ማለት ነው፤ ለዚህም ነው ገንዘቡን ከመቀበሉ በፊት ዋስ የሚጠየቀው። ከዱቤውና ከእቁቡ ሥር ደግሞ አራጣ አለ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የብድር ወለድ በዓመት ከ100 12 እንዳይበልጥ ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ ከልክሏል፤ የወንጀል ሕጉም አራጣን ይቀጣል። ይህ ሁሉ ሆኖ የባንክ ማስያዣ የሌለው ወጣት በጨነቀው ቀን የሚያንኳኳው በር የትኛው እንደሆነ መርካቶን የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል።

የነጋዴ ሕግ

ኢትዮጵያ ስለ መክሰር ሕግ አልነበራትም የሚል ካለ ተሳስቷል። በ1925 ዓ.ም. ከማኅበራት ሕግ ጋር የመክሰር ሕግ ወጥቶ ነበር። ከዚያም ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በድል በዓል ዕለት፣ የንግድ ሕጉና የፍትሐ ብሔር ሕጉ በአንድነት ታወጁ። የንግድ ሕጉን የጀመሩት ፈረንሳዊው ዣን ኤስካራ ሲሆኑ፣ እርሳቸው ሲሞቱ አልፍሬድ ዦፍሬ ጨረሱት። አምስተኛው መጽሐፍ በሙሉ ስለ መክሰር የሚናገር ነበር። ዳኛ ይሾማል፤ የንብረት ጠባቂ ይመደባል፤ ባለገንዘቦች ይሰበሰባሉ፤ ያለው ንብረት በሥርዓት ይከፋፈላል፤ ወይም ዕዳው በስምምነት ይቃለላል።

ይህ በር ግን የተከፈተው ለነጋዴና ለንግድ ማኅበር ብቻ ነበር። ደመወዝተኛው፣ ገበሬው፣ ለዘመዱ ዋስ የሆነው፣ በሰው ፈቃድ የሚሠራው ወጣት በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ቦታ አልነበራቸውም። ያ ሕግ ከስልሳ ዓመት በኋላ በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1243 ተሻሽሏል። አዲሱ ሕግ የተቸገረ ድርጅት ሳይሞት እንዲያገግም የሚያስችሉ መንገዶችን ማምጣቱ የሚመሰገን ነው። ማዕከሉ ግን ዛሬም ንግድና ነጋዴ ነው።

ከዚህ በር ውጭ የቆመውን ሰው የሚጠብቀው ምንድን ነው? አንደኛው ቼክ ነው። በመርካቶ ቼክ እንደ መያዣ ይሰጣል፤ ወደፊት የሚደርስ ቀን ይጻፍበትና ሻጩ ኪስ ይገባል። በንግድ ሕጉ መሠረት ግን ቼክ እንደቀረበ የሚከፈል ሰነድ ነው፤ የተጻፈበት ቀን ሳይደርስ ባንክ ቢቀርብም በቀረበበት ዕለት ይከፈላል። ስንቅ ከሌለው በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 693 መሠረት ሆን ብሎ ያወጣው ሰው እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ሊደርስበት ይችላል። ስለዚህ ቼኩን የያዘው ሰው የያዘው ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ የሰውየውን ነጻነት ጭምር ነው። ኢትዮጵያ በ1985 ዓ.ም. የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን በአንቀጽ 11 ማንም ሰው የውል ግዴታውን መፈጸም ስላልቻለ ብቻ አይታሰርም ይላል። ደረቅ ቼክ ይህን አንቀጽ በጎን በር ያልፈዋል፤ የሚያስቀጣው ዕዳው ሳይሆን ወረቀቱ ነውና።

የእኔው ነገር

እዚህ ላይ ስለ ራሴ ልናገር። አባቴ መርካቶ ውስጥ ብትን ጨርቅ ይሸጥ ነበር። በ1997 ዓ.ም. የመጀመሪያ ዲግሪዬን ይዤ በወጣሁ በጥቂት ወራት ውስጥ አባቴ የአልጋ ቁራኛ ሆነ፤ ሱቁን እኔ ያዝሁት። ንግድ የማውቅ መስሎኝ ነበር። አባቴ ለሠላሳ ዓመት በቃሉ ብቻ ሲያነሣ የኖረውን ዕቃ ለእኔ ያለ ቼክ የሚያወጣልኝ አልነበረም፤ በስሜ ሒሳብ ከፍቼ መፈረም ጀመርሁ። በዓመት ከመንፈቅ ውስጥ የሕክምናው ወጪና የእኔ አለማወቅ ተደራርበው በሰው እጅ ያሉ ቼኮቼ 11 ደረሱ። ድምሩ 340 ሺህ ብር ነበር። በጊዜው ያን ገንዘብ በአስተማሪ ደመወዝ ለመክፈል ዕድሜ እንደማይበቃኝ አስልቼ ነበር።

አንድ ጠበቃ ዘንድ ሄድሁ። የንግድ ሕጉን አንብቤ ስለነበር በኩራት፣ «መክሰሬን ላሳውጅ ነው» አልሁት። ፋይሉን አገላብጦ፣ «ወንድሜ፣ ፈቃዱ የማን ነው?» አለኝ። የአባቴ። «ቼኮቹ ላይ ያለው ፊርማስ?» የእኔ። መነጽሩን አውልቆ የተናገረውን እስከ ዛሬ አልረሳውም። «ነጋዴ መሆንህን ማስረዳት ራሱን የቻለ ሌላ ክርክር ነው። ተከሳሽ መሆንህን ለማስረዳት ግን አንዷ ቼክ ትበቃለች።»

ያን ዕለት ከጠበቃው ቢሮ እስከ ራጉኤል በእግሬ ሄድሁ። አገር ጥሎ መጥፋት አሰብሁ። ደቡብ አፍሪካ የገባ የሰፈራችን ልጅ ነበር። ከዚያም የባሰ ነገር አስቤያለሁ። ይህን የምጽፈው ዛሬ ያን የሚያስብ ወጣት ካለ ብቻውን እንዳልሆነ እንዲያውቅ ነው።

ያዳኑኝ ሁለት የገበያ ሽማግሌዎች ናቸው፤ አንዱ ሐጂ፣ ሌላው የራጉኤል ደጀ ሰላም የማይለያቸው ሰው። ነገሩን ያወራቻቸው እናቴ ነበረች። አስጠርተውኝ፣ «አንተ ልጅ፣ ስንት ነው ያለብህ? አንዲት ሳንቲም ሳትደብቅ ጻፍ» አሉኝ። ጻፍሁ። ባለገንዘቦቹን አንድ እሑድ ሰበሰቧቸው። ሐጂ ወረቀቱን አነበቡላቸው፤ የቀረውን ዕቃ ዝርዝርም አነበቡላቸው። ከምሳ በፊት ስምምነት ተደረሰ፦ ዕቃው በአንድነት ይሸጥና በየድርሻቸው ይከፋፈላል፤ ቀሪው በ30 ወር ያለ ወለድ ይከፈላል፤ ቼኮቹ በፖስታ ታሽገው ሐጂ ዘንድ ይቀመጣሉ። አንዱ ባለገንዘብ ሲወጡ ትከሻዬን ይዘው፣ «አባትህ እኔን በ1983 አንሥቶኛል፤ የእኔ ይቅር» አሉኝ። የመጨረሻውን ክፍያ በ2001 ዓ.ም. ፈጸምሁና 11ዱንም ቼኮች ተቀብዬ ቀደድኋቸው።

ከብዙ ዓመታት በኋላ ሳስበው የገባኝ፣ ያ እሑድ ያደረግነው ነገር የንግድ ሕጉ አምስተኛ መጽሐፍ እንደነበረ ነው። ንብረት ተዘረዘረ፤ ባለገንዘቦች ተሰበሰቡ፤ በድርሻ ተከፋፈሉ፤ ጊዜ ተሰጠ፤ ፍጻሜው ታወቀ። የጎደለው ማኅተሙ ብቻ ነበር።

ሽማግሌ የሌለውስ?

ታሪኩን እዚህ ላይ ብቋጨው ደስ ባለኝ። «ባህላችን ይበቃናል፤ ሕግ ምን ያደርጋል?» ለሚሉ ወገኖች ጥሩ መደምደሚያ በሆነ ነበር። እውነቱ ግን እንዲህ አይደለም። እኔን ያዳነኝ የአባቴ ስም ነው። አባቱ መርካቶን የማያውቅ፣ ከጎጃም ወይም ከወሎ መጥቶ በኪራይ ቤት የሚኖር ወጣት እነዚያን ሁለት ሽማግሌዎች ከየት ያመጣል? ከ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ብድር በእጅ ስልክ ሆኗል፤ ቴሌብር ከዳሸን ባንክ ጋር «መላ»ንና «እንደኪሴ»ን ካመጣ ወዲህ ሌሎችም ተከትለዋል። ማስያዣ የሌለው ሰው ብድር ማግኘቱ መልካም ነው። ነገር ግን ከስልክ ጋር ሽማግሌ አይቀመጥም። በቡድን ዋስትና የሚበደሩ ወጣቶችን ደግሞ ተመልከቱ፤ አንዱ ሲጠፋ የአንዱ ዕዳ በአራቱ ላይ ይወድቃል። ዕዳ ከሜዳ ይሉታል ይህ ነው።

እስኪ በሒሳብ እንየው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከሠራተኛ ደመወዝ ከሢሶ በላይ እንዳይቆረጥ ይከለክላል። ደግ ሕግ ነው፤ ሰው መብላት አለበትና። ለምሳሌ 12,000 ብር ደመወዝ ያለው ወጣት 600,000 ብር ዕዳ ተፈረደበት እንበል። ሢሶው በወር 4,000፣ በዓመት 48,000 ብር ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ያስቀመጠው ሕጋዊ ወለድ ከ100 9 ነው፤ ይህም በዓመት 54,000 ብር ይሆናል። ማለትም ይህ ወጣት አንድም ወር ሳያጓድል ዓመቱን ሙሉ ከፍሎ፣ በዓመቱ መጨረሻ ዕዳው በ6,000 ብር አድጎ ይጠብቀዋል! ባለገንዘቡ አፈጻጸሙን እስከቀጠለ ድረስ ይህ ሰው መቼ ይፈታል? የቀድሞው ቁራኛ ሁለት ጫፍ ነበረው ብያለሁ። የዛሬው ሰንሰለት ግን አንድ ጫፍ ብቻ ነው ያለው።

በሌላው ዓለምም እንዲህ ነበር። እንግሊዛውያን ባለዕዳ ያስሩ ነበር፤ የደራሲው የቻርልስ ዲከንስ አባት በ1824 (እ.ኤ.አ.) ማርሻልሲ በሚባለው የባለዕዳዎች እስር ቤት ገብተዋል። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1692 (እ.ኤ.አ.) ነጋዴው ዳንኤል ዴፎ ከስሮ ነበር፤ ከ27 ዓመት በኋላ ሮቢንሰን ክሩሶን ጻፈ። እንግሊዝ የባለዕዳን እስር በአብዛኛው ያስቀረችው በ1869 (እ.ኤ.አ.) ነው። ዛሬ በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን ነጋዴ ሆኑም አልሆኑ ከአቅም በላይ የሆነ ዕዳ ሲገጥማቸው ፍርድ ቤት ቀርበው፣ ንብረታቸውን ገልጸው፣ ከብዙው ዕዳ ነጻ ሊባሉ ይችላሉ። በነጻ አይደለም፤ መክሰራቸው በብድር ታሪካቸው ላይ እስከ 10 ዓመት ተመዝግቦ ይቆያል። ዐሥር ዓመት ግን ቁጥር ነው፤ ይቆጠራል፤ ያልቃል።

«ይህ ከተፈቀደማ ማን ዕዳውን ይከፍላል? የመርካቶ እምነት አይፈርስም ወይ?» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። ተገቢ ሥጋት ነው። ዱቤ የሰጠው ቸርቻሪም ልጆች አሉት። ነገር ግን የምጠይቀው ለአጭበርባሪ አይደለም፤ ንብረቱን የሸሸገ፣ እያወቀ ያታለለ በወንጀል ይጠየቅ። የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ነጋዴ ያልሆነም ሰው ያለውን ሁሉ ገልጦ በፍርድ ቤት ሥር ከባለገንዘቦቹ ጋር የሚስማማበት ቀላል ሥርዓት ይኑር፤ የሽማግሌዎችም ስምምነት በዚያ ይጽደቅ። ሁለተኛ፣ በቅን ልቡና ለተወሰነ ዓመት የቻለውን ከከፈለ በኋላ ቀሪው የሚቋረጥበት ቀን በሕግ ይቆረጥ። ሦስተኛ፣ ለመያዣነት መሰጠቱ በሁለቱም ወገን የታወቀ ቼክ ሰውን ወደ ወኅኒ መውሰጃ መሆኑ ይቅር።

ይህ ከባህር ማዶ የመጣ ሐሳብ ነው የሚል ካለ አንዋር መስጊድና ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ጎን ለጎን የቆሙበትን መንገድ ይሂድበት። ኦሪት በየሰባት ዓመቱ ዕዳ እንዲተው፣ በኢዮቤልዩ ሰው ወደ ርስቱ እንዲመለስ ያዝዛል። ቁርኣን የተቸገረ ባለዕዳ እስኪቀለው እንዲጠበቅ፣ መተው ደግሞ ይበልጥ መልካም እንደሆነ ያስተምራል። እኔን ያስታረቁኝ ሁለቱ ሰዎች የተማሩት ከዚያ እንጂ ከኤስካራ መጽሐፍ አልነበረም።

ለተማሪዬ ምን እንዳልሁት ልንገራችሁ። አንደኛ፣ ዕዳህን ሳትደብቅ ጻፍ። ሁለተኛ፣ ቼክ ለመሸፈን ወደ አራጣ አትሂድ። ሦስተኛ፣ ጠበቃ አማክር፤ የእሳቱ ነገር በማስረጃ ይያዝልህ። አራተኛውን ሳልናገር ስልኬን አንሥቼ ደወልሁ። ሐጂ በሕይወት የሉም። ልጃቸው ግን አባቱ ይቀመጡበት በነበረው ቦታ ዛሬም ይቀመጣል። እሑድ ለመገናኘት ተቀጣጥረናል። እኔም እሄዳለሁ፤ ዋስ ካስፈለገ እፈርማለሁ።

ነገር ግን አንድ አገር ስንት ሐጂ ሊኖረው ይችላል? ቀያሾቹን ያሳሰበ ቅየሳ ካልተደረገ፣ ማለትም ሕግ አውጪዎቻችን ልጅ ኢያሱ ብረቱን እንደፈቱ የማይታየውን ሰንሰለት ካልፈቱ፣ የነገው ተማሪዬ ወደ ቢሮዬ ሳይሆን ወደ ድንበር ይሄዳል።

ቸር ይግጠመን።